ማስክ ከወለቀ በኋላ፦ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በ2022

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የማስክ ግዴታ የተነሳው በአንድ ቀን፣ በአንድ አዋጅ አልነበረም። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 (እዚህ የሚጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የኒው ጀርሲው አገረ ገዥ ፊል መርፊ ተማሪዎችና መምህራን ማስክ እንዲያደርጉ የሚያስገድደው ትእዛዝ ከማርች 7 ጀምሮ እንደሚነሳ አስታወቁ። በዚያው ዕለት ኮኔቲከት፣ ደላዌርና ኦሪገን የየራሳቸውን ቀን ቆረጡ። ማሳቹሴትስ ከሁለት ቀን በኋላ ተከተለች። ኒው ዮርክ ከማርች 2 ጀምሮ አነሳች፤ ካሊፎርኒያ፣ ቀድሞ የቆረጠችውን ቀን የቀየረችው ኦሪገንና ዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ተመካክረው ማርች 11 እኩለ ሌሊት ላይ እንዲያበቃ ወሰኑ። በየማለዳው ከደብተርና ከምሳ ዕቃ ጋር ቦርሳ ውስጥ ሲከተት የኖረው ማስክ፣ አምስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የግል ምርጫ ሆነ።

ውሳኔው ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ ዝርያ ማዕበል በጃንዋሪ አጋማሽ ጣሪያ ሲነካ በመላ አገሪቱ በቀን በአማካይ 800,000 ገደማ አዲስ ሕሙማን ይመዘገቡ ነበር፤ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ቁጥሩ ከዚያ ጥቂት እጁ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከ5 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ መከተብ ችለው ነበር። ፊደል በሚቆጥርበት ዕድሜው የመምህሩን ሙሉ ፊት ሳያይ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ነበር፤ የወላጆችም ትዕግሥት ተሟጥጦ ነበር። በብዙ ቦታ ያልታሰበበት ነገር ግዴታው ሲነሳ በቦታው ምን እንደሚተካ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ «ማን ማስክ ያድርግ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድና ለሁሉም እኩል ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወደ እያንዳንዱ ክፍል፣ ወደ እያንዳንዱ ቤት ገባ፤ ከሕጉ ላይ የወረደው ሸክም በመምህሩ፣ በታማሚው ልጅና በቤተሰቡ ላይ ዐረፈ።

የመጀመሪያው ችግር የሥልጣን ጥያቄ ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችን ከላይ እስከ ታች የሚያዝ አንድ ሚኒስቴር የለም። በአጭር ስሙ ሲዲሲ የሚባለው የፌዴራሉ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይመክራል እንጂ ትምህርት ቤትን አያዝም። አገረ ገዥው ትእዛዝ ያወጣል፣ የግዛቱ ምክር ቤት ሕግ ይደነግጋል፣ የአካባቢው ሕዝብ የመረጠው የትምህርት ቦርድ መመሪያ ያጸድቃል፣ ዳኛ ደግሞ ሁሉንም ሊያግድ ይችላል። ቴክሳስና ፍሎሪዳ ገና በ2021 ትምህርት ቤቶች ማስክን እንዳያስገድዱ በአገረ ገዥ ትእዛዝ ከልክለው ነበር። በኢሊኖይ የተፈጠረው ደግሞ የባሰ ግራ አጋቢ ነበር። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2022 የሳንጋሞን ካውንቲ ዳኛ የገዥው ጄ. ቢ. ፕሪትዝከር የትምህርት ቤት ማስክ ትእዛዝ እንዳይፈጸም ጊዜያዊ እግድ ሰጡ። ሰኞ ጠዋት ሲነጋ አንዱ የትምህርት ቤቶች ዲስትሪክት ማስክን በፈቃድ አደረገ፣ ሌላው እግዱ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ቀጠለ፣ ሌላው ጨርሶ ትምህርት ዘጋ። በር ላይ ቆሞ ልጆቹን የሚቀበለው ርእሰ መምህር የሕግ ባለሙያ አይደለም፤ በዚያ ጠዋት ግን ማን ይግባ ማን ይመለስ የሚለውን መወሰን የነበረበት እሱ ነው።

ቨርጂኒያ ለብቻዋ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባታል። አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት፣ ልጁ ማስክ ያድርግ አያድርግ የሚለውን ለወላጅ የሚተው ትእዛዝ ፈረሙ። ሰባት የትምህርት ቦርዶች፣ ከእነሱም መካከል አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፌብሩዋሪ 4 ቀንም ጊዜያዊ እግድ አገኙ። ክርክሩ ሳያልቅ የግዛቱ ምክር ቤት ተመሳሳይ ይዘት ያለው ሕግ አወጣ፤ ገዥው ፌብሩዋሪ 16 ቀን ፈረሙበት፤ ትምህርት ቤቶችም እስከ ማርች 1 ድረስ እንዲፈጽሙት ተደረገ። ስለዚህ በአንድ ተኩል ወር ውስጥ አንድ ተማሪ ስለ ፊቱ አራት የተለያዩ ነገሮች ሰማ፦ አድርግ፣ አባትህ ካልፈለገ አታድርግ፣ ዳኛው አድርግ ብለዋል፣ አሁን ደግሞ እንደፈለግህ። ልጆች ሕግ የሚማሩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አዋቂዎች ፊታቸው ላይ ሲሟገቱ ያየ ልጅ ነገ የእሳት አደጋ ልምምድ ደወል ሲደወል በምን ልብ ይታዘዛል የሚለው የመምህራኑ ስጋት ተገቢ ነበር።

ይህ ነገር ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ከተሞች በሰሜን አሜሪካ ካሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች ሁሉ ትልቁ ይኖራል፤ የአሌክሳንድሪያ ከተማና የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች በአማርኛ መልእክት ያወጣሉ። እዚያ ያለ አንድ ቤተሰብ በግማሽ ሰዓት የመኪና መንገድ ውስጥ ሦስት ሕግ ገጠመው። አሌክሳንድሪያ የሚማሩት ልጆች ከማርች 1 ጀምሮ ማውለቅ ቻሉ። ሜሪላንድ በግዛት ደረጃ በዚያው ቀን ብታነሳም የሞንትጎመሪ ካውንቲ ቦርድ የወሰነው ማርች 8 ነበር። የዲሲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ ማርች 16 ቆዩ። የእህትማማች ልጆች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሲገናኙ አንዱ «የኛ ትምህርት ቤት አወለቅን» ይላል፣ ሌላዋ «የኛ ገና ነው» ትላለች፤ እናቶቹ ደግሞ ልዩነቱ የበሽታው ይሁን የፖለቲካው ለመለየት ይቸገራሉ።

ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው ቋንቋው ነበር። በእንግሊዝኛ «ማስክ ኦፕሽናል» የሚለው ቃል በአማርኛ ሲጻፍ «በፈቃደኝነት»፣ «እንደ ምርጫዎ» ወይም «ግዴታ አይደለም» ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ ግን በሰሚው ጆሮ እኩል አይመዝኑም። «ግዴታ አይደለም» የተባለ ነገር አያስፈልግም የተባለ ይመስላል። «በጥብቅ ይመከራል» ሲባል ደግሞ በአማርኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የለመደ ወላጅ አለቃ በጨዋ አፍ ያዘዘው አድርጎ ይወስደዋል። አንድ ወላጅ «ምርጫው የኔ ነው» ብሎ ሲረዳ ጎረቤቱ «መንግሥት በሽታው አልቋል አለ» ብሎ ይረዳል። የሚያዋጣው ቃል ማሳመር ሳይሆን ነገሩን ዘርዝሮ መጻፍ ነው፦ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ ክፍል ውስጥና አውቶቡስ ላይ ምን እንደሚሆን፣ ልጁ ማስክ ቢያደርግም ባያደርግም ማንም እንደማይቆጣው፣ የሚያስል ልጅ ስንት ቀን ቤት እንደሚቆይ፣ ነፃ ማስክ ከየት እንደሚገኝ። እንዲህ ዓይነቱ ደብዳቤ ገጹ ይረዝማል፤ ያለ እሱ ግን ወላጁ የተሟላ መረጃ ይዞ መርጧል ማለት አይቻልም።

ቀጥሎ የሚመጣው የመለኪያ ጉዳይ ነው። ሲዲሲ ጁላይ 27 ቀን 2021 ክትባት ቢወስዱም ባይወስዱም ሁሉም ተማሪዎችና ሠራተኞች በትምህርት ቤት ውስጥ ማስክ እንዲያደርጉ መክሮ ነበር። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2022 መለኪያውን ቀየረ። አዲሱ ስሌት ሦስት ነገር ይደምራል፤ በ100,000 ሕዝብ የሚመዘገቡ አዲስ ሕሙማን፣ አዲስ ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎች፣ በኮቪድ ታማሚዎች የተያዙ አልጋዎች ድርሻ። በዚህ መሠረት እያንዳንዱ ካውንቲ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ይባላል፤ በትምህርት ቤት ሁሉም ማስክ እንዲያደርግ የሚመከረው በከፍተኛው ደረጃ ብቻ ሆነ። በዚያው ዕለት ከአገሪቱ ሕዝብ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው በዝቅተኛና በመካከለኛ ቦታ ውስጥ ወደቀ።

መለኪያው ሆስፒታሎች እንዳይጨናነቁ ለመጠበቅ ጥሩ ነው፤ ለትምህርት ቤት ግን ይዘገያል። ሰው ከተያዘ ስንት ቀን ቆይቶ ነው ሆስፒታል የሚተኛው፤ ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ አይተኙም። የአልጋው ቁጥር ሲያሻቅብ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ያለው ወረርሽኝ አንድ ዙር ጨርሶ አያትና አጎት ጋ ደርሷል። በዚያ ላይ በጃንዋሪ 2022 የቤት ውስጥ መመርመሪያ በየቤቱ ገብቶ ስለነበር፣ ወላጅ ሁለቱን ቀይ መስመሮች አይቶ ልጁን ቤት ካስቀረ በኋላ ውጤቱ የትም አይመዘገብም። ትምህርት ቤቶች ማስኩን ያነሱት ዓይናቸው እየደበዘዘ በሄደበት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። የራሳቸውን መቅረት መዝገብ በየጠዋቱ የሚያዩ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራት አምስት ልጅ በአንድ ቀን ሲቀር የሚደውሉ የትምህርት ቤት ነርሶች ከካውንቲው ካርታ ቀድመው ያውቁ ነበር። የነርስ እጥረት ያለበት ትምህርት ቤት ይህም አልነበረውም።

ስለ ሠራተኞቹ በአጭሩ። የቺካጎ ትምህርት ቤቶች ማርች 14 ማስክን በፈቃድ ሲያደርጉ የመምህራኑ ማኅበር ቅሬታ አቀረበ፤ በጃንዋሪ በተደረሰው ስምምነት ውስጥ ማስክ ተካትቶ ስለነበር አስተዳደሩ ብቻውን ሊያነሳው አይገባም ብሎ። በሌላ ቦታም መምህራን ለሁለት ተከፈሉ። ሰባት ሰዓት ሙሉ በጨርቅ ውስጥ እየጮኸ ጉሮሮው የሻከረ መምህር ነፃ ወጣሁ አለ፤ ኬሞቴራፒ የሚወስድ የትዳር ጓደኛ ቤቱ ያለው ደግሞ ከ28 ያልተሸፈኑ አፎች ፊት ሊቆም ነው። ተተኪ መምህር በጠፋበት በዚያ ዓመት አንድ መምህር ሲታመም ሁለት ክፍል በአንድ አዳራሽ ይሰበሰብ ነበር፤ ይህም በበኩሉ በሽታውን ያዛምታል።

የትንንሾቹ ጉዳይ ሌላ ነው። ማስክ በማርች 2022 ሲነሳ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ክትባት አልነበረም፤ የተፈቀደላቸው በጁን አጋማሽ ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ማርች 7 ቀን ከአፀደ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ላሉት ስታነሳ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን አስቀረች፤ እነሱ እስከ ጁን 13 ጠበቁ። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ሕፃናት የተቋቋመው ሄድ ስታርት የተባለው የፌዴራል ፕሮግራም ደግሞ ከ2 ዓመት ጀምሮ ማስክን የሚያስገድድ የራሱ ደንብ ስለነበረው እስከ ጃንዋሪ 2023 ድረስ በወረቀት ላይ ቆየ፤ በብዙ ግዛቶች ደግሞ በፍርድ ቤት ታግዶ ነበር። በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ኮሪደር የስድስት ዓመቱ ወንድም ፊቱን ገልጦ ሲሄድ የአራት ዓመቷ እህቱ ተሸፍና ትሄዳለች። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በበኩላቸው 5 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ሕፃናት ማስክ እንዲያደርጉ መገደድ የለባቸውም ብለው ከ2020 ጀምሮ ይመክሩ ነበር። ክትባት ያላገኘውን ሕፃን ለመጠበቅ የታሰበው ደንብ፣ ማስኩን በአግባቡ ሊጠቀምበት በማይችለው፣ በምራቁ አርሶ መሬት ላይ በሚጥለው ልጅ ላይ ብቻውን ቀረ። ይህን ያዩ ወላጆች መቆጣታቸው አይገርምም።

ክፍል ውስጥ የሆነውን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቀን ብዙ ቦታ የበዓል ስሜት ነበረው፤ መምህራን የተማሪዎቻቸውን አገጭና ጥርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉት ግን ብዙዎቹ አላወለቁም። በዚያ ዕድሜ ፊት ይለወጣል፤ ብጉር ይወጣል፣ ጥርስ ላይ ሽቦ ይታሰራል። የ10 ዓመት ልጅ ሆኖ የተሸፈነ ፊት በ12 ዓመቱ ሲገለጥ ጓደኞቹ ሌላ ሰው ያያሉ፤ እሱም ያውቀዋል። ማስክ ለእነዚህ ልጆች የበሽታ መከላከያነቱ ቀርቶ መጠለያ ሆኖ ነበር። «ለምን አታወልቂም?» ብሎ በክፍል ፊት የጠየቀ መምህር ሳያስበው ጎድቷል።

በሌላ በኩል ቤት ውስጥ አያት ያለችበት ልጅ አለ። ብዙ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጅ ለማሳደግ እናታቸውን ከአገር ቤት ያስመጣሉ፤ አባት ታክሲ ይነዳል ወይም ኤርፖርት ይሠራል፣ እናት አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። ጠዋት በር ላይ «አንተ ልጅ፣ እማማን አስብ፤ እንዳታወልቅ» ይባላል። ልጁ ማታ ሲመለስ «ሁሉም አውልቀዋል እኮ፣ እኔ ብቻ ነኝ» ይላል። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ በእኩዮቹ መሀል ብቻውን መለየትንና የአያቱን ሳንባ በአንድ ሚዛን ላይ እንዲያስቀምጥ ተጠየቀ። ግዴታው ጥሩ ነገር ከነበረው አንዱ ይህ ነው፤ ልጅን ከእንዲህ ያለ ምርጫ ያድነው ነበር። ግዴታው ሲነሳ ማስክ ያደረገውንም ያላደረገውንም ማንም እንዳያሾፍበት መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ደጋግሞ መናገር ነበረበት፤ የተናገሩ ነበሩ፣ ያልተናገሩም ነበሩ።

የማስክ መነሳት እውነተኛ ጥቅም ያገኙበትም አሉ። የመስማት ችግር ያለበት ልጅ የሚናገረውን ሰው ከንፈር ያነባል፤ ሁለት ዓመት ገጽ የተቀደደበት መጽሐፍ እንደተሰጠው ሆኖ ነበር። እንግሊዝኛ አዲስ የሆነበት ልጅም እንዲሁ። ምላስን በላይና በታች ጥርስ መካከል አውጥቶ የሚባለው የእንግሊዝኛ ድምፅ በአማርኛ የለም፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ «ዚስ» ወይም «ዲስ» ይላል። መምህርቷ ምላሷን ጥርሷ መሀል አድርጋ «እንዲህ» ብላ ካሳየችው በአንድ ቀን ይይዘዋል። ከጨርቅ ጀርባ ግን ድምፁ ከ«ፍ» እና ከ«ስ» አይለይም። ለዚህ ልጅ የማርች 2022 ለውጥ ትልቅ ነገር ነበር፤ ማስክ መነሳቱን የሚነቅፍ ሁሉ ይህን ሊዘነጋ አይገባም።

ይኸው ክፍል ውስጥ፣ ምናልባት ሁለት ወንበር አልፎ፣ ካንሰር የታከመች ወይም የሰውነት ክፍል የተተካላት ልጅ ትቀመጣለች። መድኃኒቱ የበሽታ መከላከል አቅሟን ስለሚያዳክመው ክትባቱ እንደ ሌሎቹ ላይሠራላት ይችላል። ለእሷ የተሰጠው መልስ «የራስሽን ማስክ አድርጊ» የሚል ነበር። መልሱ ቀላል ይመስላል። ተራው ማስክ ግን የሚሠራው በዋናነት የታመመው ሰው ከአፉ የሚወጣውን በማገድ ነው፤ ለለባሹ ብቻውን የሚበቃው ፊት ላይ በደንብ የሚገጥመው ኤን 95 የተባለው ማስክ ነው። ኤን 95ን የሚያረጋግጠው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ደግሞ ለልጆች የሚሆን መጠን አያረጋግጥም። መንግሥት በጃንዋሪ 2022 ከመጋዘን ያወጣው 400 ሚሊዮን ኤን 95 የአዋቂ ነበር። በዚያ ላይ ምሳ አለ፤ ማንም ቢሆን ተሸፍኖ አይበላም።

የቨርጂኒያው ጉዳይ ከዚህ ላይ እንደገና ይነሳል። የ12 ቤተሰቦች ወላጆች፣ ልጆቻቸው ካንሰር፣ አስም፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስና የመሳሰለው ሕመም ያለባቸው፣ የግዛቱ ሕግ ልጆቻችንን ከትምህርት ገበታ ያስወጣል ብለው ከሰሱ። የያዙት በ1990 የወጣውን የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግና የ1973ቱን የተሃድሶ ሕግ ክፍል 504 ነው፤ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ ያላቸው ወላጆች በየትምህርት ቤቱ «ፋይቭ ኦ ፎር» እያሉ የሚጠሩት ይህ ነው። ሕጎቹ ትምህርት ቤት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ምክንያታዊ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳሉ፤ መወጣጫ እንደሚሠራለት፣ ፊደሉ እንደሚጎላለት ሁሉ። ጥያቄው በዙሪያው ያሉት ልጆች ማስክ ማድረጋቸው እንደ መወጣጫው ሊቆጠር ይችላል ወይ የሚል ነበር። የፌዴራሉ ዳኛ ኖርማን ሙን ማርች 23 ቀን 2022 ሲወስኑ፣ የአገረ ገዥው ትእዛዝና የግዛቱ ሕግ የእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ማመቻቸት እንዳያደርጉ ሊከለክሉ አይችሉም አሉ። ለመላው ግዛት ግዴታውን አልመለሱም፤ ትምህርት ቤቶቹንም አስገድዱ አላሉም። በሩን ከፈቱ። ጉዳዩ በዲሴምበር 2022 በስምምነት ሲቋጭም ለከሳሾቹ ልጆች የሆነው ይኸው ነው።

ውሳኔው ትክክለኛ ነበር፤ ግን ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል። 12 ቤተሰቦች ጠበቃ አግኝተው ተከራከሩ። ሕጉን የማያውቅ፣ እንግሊዝኛው ያልደረጀ፣ ከትምህርት ቤት ጋር መጣላት የሚፈራ ወላጅ የታመመች ልጁን ይዞ ቤት ቁጭ አለ፣ ወይም ፈጣሪን ተማምኖ ላካት። ክፍሉ ውስጥ ግን ያለ ፍርድ ቤት የሚሠራ ብዙ ነገር ነበር፦ ልጅቷን መስኮት ዳር ማስቀመጥ፣ አጠገቧ የሚቀመጡትን ልጆች ወላጆች ማነጋገርና ፈቃዳቸውን መጠየቅ፣ አየር ማጣሪያ ማሽን ከአጠገቧ ማቆም፣ የከንፈር አንባቢው ልጅ ፊት የሚቆመው መምህር አፉ የሚታይበት ግልጽ ማስክ እንዲያደርግና ማይክሮፎን እንዲይዝ ማድረግ። ሁለቱን ልጆች በአንድ ክፍል ማስተማር የሚቻለው በእንዲህ ያለ አሠራር ነው።

ያነሱትን መመለስ ደግሞ ከማንሳት ይከብዳል። እስራኤል በጁን 2021 በሕንፃዎች ውስጥ የሚደረገውን ማስክ አንስታ፣ በሞዲኢንና በቢንያሚና ትምህርት ቤቶች የተነሳው ወረርሽኝ ሲስፋፋ በአሥር ቀን ውስጥ መለሰችው። የፊላደልፊያ ትምህርት ቤቶች በማርች 2022 አነሱ፤ ከተማዋ በኤፕሪል የራሷን ግዴታ መልሳ በአራት ቀን ውስጥ ሰረዘችው፤ ትምህርት ቤቶቹም ሕሙማን ሲበዙ ከሜይ 23 ጀምሮ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ ተማሪዎቹን እንደገና አስደረጉ። ሁለተኛው ትእዛዝ የመጀመሪያውን ያህል አይሰማም። ማስክ የሚመለስበት የሕሙማን ቁጥር ማስኩ ከመነሳቱ በፊት ተጽፎ ለወላጅ የተነገረበት ቦታ ቢያንስ ጭቅጭቁ አጭር ይሆናል፤ ልጁ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ እንደሚያወጣ ያውቀዋልና።

ማስክ በትምህርት ቤት ምን ያህል ይሠራል የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም። በስፔን ካታሎኒያ ግዴታ ያልነበረባቸውን የ5 ዓመት ልጆች ግዴታ ካለባቸው የ6 ዓመት ልጆች ጋር ያነጻጸረ ጥናት የማስኩ ውጤት ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በቦስተንና በዙሪያዋ የተደረገው ጥናት ግን ሌላ ተናገረ። በኖቬምበር 2022 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣው ይህ ጥናት 72 ዲስትሪክቶችን፣ 294,000 ያህል ተማሪዎችንና 46,000 ያህል ሠራተኞችን ያካተተ ነው። የማሳቹሴትስ ግዛት ግዴታ ከተነሳ በኋላ ማስክን እስከ ጁን ያቆዩት ቦስተንና ቼልሲ ብቻ ነበሩ። ማስክ ባነሱት ዲስትሪክቶች በ15 ሳምንት ውስጥ ከ1,000 ሰው 45 ገደማ ተጨማሪ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ በድምሩ 11,901 ሲሆን ይህም በዚያ ጊዜ በ72ቱም ዲስትሪክቶች ከተመዘገቡት ሕሙማን 29 በመቶ ያህሉ ነው። ተቺዎች የምርመራ ልማድ ከዲስትሪክት ዲስትሪክት እንደሚለያይ፣ ንጽጽሩም በዕጣ የተመደበ ሙከራ እንዳልሆነ ያስታውሳሉ፤ ትክክል ነው።

ከጥናቱ ውስጥ ብዙም ያልተነገረለት ግን ሌላው ክፍል ነው። ማስክን ዘግይተው ያነሱት ዲስትሪክቶች ሕንፃዎቻቸው ያረጁና የተጎዱ፣ ክፍሎቻቸው የተጨናነቁ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ልጆች፣ አካል ጉዳተኞችና እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች የበዙባቸው ነበሩ። እነዚህ ማስክን የሙጥኝ ያሉት ሌላ መከላከያ ስላልነበራቸው ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የተጠያቂነት መሥሪያ ቤት በጁን 2020 ባወጣው ሪፖርት ከዲስትሪክቶቹ 41 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ በግማሹ ትምህርት ቤቶቻቸው የማሞቂያና የአየር ማዘዋወሪያ ሥርዓታቸውን መጠገን ወይም መቀየር ያስፈልጋቸዋል ብሎ ነበር፤ ይህም ወደ 36,000 ትምህርት ቤት ነው። ማስክ በርካሽ ተገዝቶ ዛሬውኑ ይደረጋል። ጣሪያ ውስጥ ያለውን የአየር ቱቦ ለመቀየር ግን ንድፍ፣ ጨረታ፣ ክረምት ሙሉ ባዶ የሆነ ሕንፃና ሁለት ዓመት ይጠይቃል።

ስለዚህ አየሩ ከማስኩ በፊት መሠራት ሲገባው በብዙ ቦታ ከማስኩ በኋላ ቀረ። ገንዘቡ ነበር፤ በማርች 2021 የወጣው ሕግ ለትምህርት ቤቶች 122 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መድቧል፣ ለአየር ማዘዋወሪያም መዋል ይችል ነበር። ቦስተን በየክፍሉ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ሰቀለች። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰው ሲተነፍስ ጋዙን ያወጣል፤ ክፍሉ ካልተናፈሰ ቁጥሩ ይወጣል፤ ውጭ 420 አካባቢ የሚያሳየው መለኪያ ልጆች በሞሉበት የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከ1,500 ሊያልፍ ይችላል፤ ያ ማለት አንዱ ያወጣውን ትንፋሽ ሌላው መልሶ እየሳበ ነው ማለት ነው። መስኮቱ ሁለት ጣት ያህል ሲከፈት ቁጥሩ ዓይን እያየ ይወርዳል። መስኮቱ በቀለም ተጣብቆ የማይከፈት ከሆነ ተራ ማራገቢያና አራት ማጣሪያ በካርቶንና በፕላስተር አያይዞ የሚሠራ የኮርሲ ሮዘንታል ሳጥን አለ፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ራሳቸው ሠርተውታል። የፌዴራሉ የጤና አስቸኳይ ጊዜ ሜይ 11 ቀን 2023 አበቃ። በማግስቱ ሲዲሲ በሕንፃዎች ውስጥ ያለው አየር በሰዓት ቢያንስ 5 ጊዜ በንጹሕ አየር እንዲተካ የሚል ግብ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር አስቀመጠ። ይህ ግብ ሲወጣ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ማስክን ካነሱ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ ከ122 ቢሊዮኑ ያልተመደበውን ለሥራ ለማዋል የቀራቸው ጊዜ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ነበር።